«ስንጥር አለብኝ» ያለው ገንፎ

አንድ ሰው ነበረ፤ የዕድር ዕቃ ገዢ። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ጋሽ ጠርጥር» ይለው ነበር። ለምን መሰላችሁ? አፉን በከፈተ ቁጥር «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር!» ስለሚል ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ያቀረበችለትን ወጥ እንኳ ሳያገላብጥ አይጎርስም ነበር። እግዜር ያሳያችሁ!

ገበያ ሲወጣ ማን ያታልለዋል? ቅቤውን በጣቱ አሽቶ፣ አሽትቶ፣ «ይሄ ሙዝ ነው፤ አታፍሪም?» ብሎ ይመልሳል። በርበሬውን ውኃ ላይ በትኖ የጡብ ዱቄቱን ያወጣል። ዕድርተኛውም «ጋሽ ጠርጥር ያሳለፈው ዕቃ እንከን የለውም» ይላል።

ይህ ሰው ግን ያጨሳል።

የሲጋራውን ፓኬት አይታችሁት ታውቃላችሁ? ባታጨሱም አይታችኋል። «ይገድላል» ይላል፤ የጠቆረ ሳንባ ሥዕል አለበት። ጋሽ ጠርጥር ይህን አንብቦ ምን አለ? «ነጋዴ የራሱን ዕቃ ሲያማ የት አይታችኋል? ከጀርባው አንድ ነገር አለ! እውነት የሚገድል ቢሆንማ ይሸጡት ነበር?» አለና፣ ሥዕሉን ወደ ውስጥ አዙሮ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ወዴት ዞረ ሥዕሉ? ወደ ገዛ ሳንባው!

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። የዕድሩ ሰዎች «ጽሑፉ ውሸት ባይሆን ኖሮ ጋሽ ጠርጥር አይነካውም ነበር» እያሉ፣ ትተው የነበሩት ሳይቀሩ መለኮስ ጀመሩ።

ጋሽ ጠርጥርን ሳል ያዘው። ከረመበት። ደብሪቱ ጨነቃት።

«አንተ ሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ቅቤ ሻጯ ቅቤዋ ላይ ‹ሙዝ ቀላቅዬበታለሁ› ብላ ብትጽፍ ትገዛታለህ?»

«ሞኝሽን ፈልጊ! ጽፋልኝ እያየሁ?»

«ታዲያ ይሄስ?» ኪሱን ጠቆመችው።

«ይሄ... ይሄ ሌላ ነው» አለ። ተበሳጭቶ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ቆሞ አጨሰ።

ኋላ ሳሉ ደም ቀላቀለ። ሐኪም «ሳንባዎ ተጎድቷል፤ ዛሬውኑ ያቁሙ» ሲለው ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? «ይሄ ማሽን ገዝቷል፤ ዋጋውን በኔ ሊያወጣ ነው!» ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ያኛው ግን ብዙም አላወራ፤ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየው። ጋሽ ጠርጥር አንገቱን ደፋ። ያን ሥዕል ያውቀዋል።

«ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» አለው ሐኪሙ።

ውጭ ሚስቱ ስትጠብቀው በነበረበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ደብሪቱ፣ ምናለ ቀድሞ የነገረኝ አንድ ሰው ቢኖር!»

አልተቆጣችውም። እጇን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደች፤ ፓኬቱን አወጣች፤ ገልብጣ ሥዕሉን ወደ ፊቱ አዞረችው።

«ይኸው፣ በቀን ሃያ ጊዜ ሲነግርህ ነበር» አለችው።

ወገኖቼ! በየገንፎው የተደበቀውን ስንጥር ሲለቅም የኖረ ሰው፣ «ስንጥር አለብኝ» ብሎ የጮኸውን ገንፎ ጎረሰ!

አሁን «ተመስገን፣ እኔ አላጨስም» ብላችሁ የተደላደላችሁ አላችሁ። እኔ የምጠረጥረው እናንተን ነው! አዎ፣ እናንተን! «ንስሐ ግቡ» ስትባሉ «ዛሬ ደግሞ ማንን ሊነካ ነው?» አላላችሁም? ሚስትህ «መጠጡ በዛ» ስትልህ «ማን መክሯት ነው?» አላልክም? የታረቀህን ወንድምህን «ምን ፈልጎ ነው?» አላልክም? ተናጋሪውን እስከ ሰባት ቤት ትመረምራላችሁ፤ የተናገረውን ግን አንድ ቀን እንኳ አትመረምሩም።

ጠላት እኮ በገነት ፍሬውን ከመሸጡ በፊት ጥርጣሬውን ነው የሸጠው። ያን ጊዜም ተነግሮን ነበር። ሰማን፤ ግን የነገረንን ጠረጠርን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እውነት ነው፣ ጠርጥሩ! ግን እባካችሁ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ወደ ውስጥ ያዞራችሁት ምንድን ነው? ገልብጡትና አንብቡት። ሌላ ሰው አውጥቶ ሳያሳያችሁ፣ እናንተው አንብቡት።