የፊታውራሪ ገሰሰ የጤና ሙክት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአያ ቢተው ነገር ከሩቅ አይሰማም። ይህን ያወሩልን ሰዎች እሱን በዓይናቸው አላዩትም፤ ለእነሱ ያወሩላቸውም አላዩትም። ግን ሁሉም መጀመሪያ ራሳቸው ይስቁና እንባቸውን ጠርገው ነበር የሚቀጥሉት።

አያ ቢተው በጎጃም ደጋ የፊታውራሪ ገሰሰ በቅሎ ጠባቂ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፉ በቀር ሀብት የሌለው ሰው። በቅሎዋን አብልቶ አጠጥቶ ሲያበቃ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄድና የእትዬ ደብሪቱን ወፍጮ ይወቅርላታል። ወፍጮ ሲፈጭበት ይለሰልስ የለ? ካልተወቀረ እህሉ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ያስለቅሳል።

እትዬ ደብሪቱ ደግሞ የግቢው ፈጪ ነች። ገና በልጅነቷ እዚያ ቤት የገባች ዕለት ወፍጮውም አዲስ ነበር፤ ደረቱ ሙሉ፣ ጥቁር፣ የሚያምር ድንጋይ። ከዚያ ወዲህ ለፊታውራሪ አባት ፈጨች፣ አባት ሲሞቱ ለልጅየው ፈጨች። ወገቧ ጎበጠ። የዱቄቱ ብናኝ ደረቷ ገብቶ ያስላታል። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። ያላት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጎጆና ከጌታ ቤት የሚሰፈርላት ድርጎ ነው፤ እፍኝ የማይሞላ እህል ቢሆንም ነፍሷን ያቆየላት እሱ ነው። ይህችን ድርጎ እንዳትረሱ፤ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ወደ እሷ ነው የሚመጣው።

*

ፊታውራሪ ገሰሰን ሪህ ያዛቸው። የእግራቸው አውራ ጣት አብጦ፣ ዝንብ ሲያርፍበት ግቢው እስኪናወጥ ይጮኹ ጀመር። ሐኪም ተፈልጎ መጣ። እግራቸውን አየ፣ ሆዳቸውንም አየ፣ ሳቁን ዋጥ አደረገና «ጌታዬ፣ ጠጁን ይተዉ፤ ጮማውን ይቀንሱ፤ ጠዋት ጠዋት ዳገት ይውጡ፤ ኮሶዎንም በየሁለት ወሩ ይጠጡ» ብሎ ሄደ።

ፊታውራሪ ሦስት ቀን አሰቡበት። ምክሩን በጣም ወደዱት፤ ለራሳቸው ብቻ ከበዳቸው። በአራተኛው ቀን አጋፋሪያቸውን ቢሻውን ጠርተው ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አዋጅ አስነገሩ።

«በዚህ ግቢ የምትሠራ ሁሉ ስማ! ጠጅ ያልጠጣ፣ ጮማ ያልበላ፣ ዳገት የወጣ፣ ኮሶውን በጊዜው የጠጣ፣ ለመስቀል ሙክት ይሸለማል! ጤናውን ያልጠበቀ ግን ድርጎው ተነሥቶ ለጤነኛው ይሰጣል!»

ሰው ሁሉ አዋጁን ያዳምጣል። አያ ቢተው ብቻ የበቅሎዋን ጆሮ ይዞ ያንሾካሹካል።

«አንተ፣ ምንድን ነው የምትላት?» አሉ ፊታውራሪ።

«ሐኪሙ መድኃኒቱን ለጌታዬ አዘዘ፤ ጌታዬ ደግሞ ለእኔ አዘዙት። እኔም ለእሷ እያስተላለፍኩላት ነው።»

*

አጋፋሪ ቢሻው የጤና መርማሪ ሆነ። ማለዳ እየተነሣ በየጎጆው እየዞረ የሰውን አፍ ያሸት ነበር። እሱ ራሱ ግን ጌታ ከበሉበት የተረፈውን ጮማ ጨርሶ ነው የሚወጣ፤ ጢሙ ላይ ቅባቱ ገና አልደረቀም።

አያ ቢተው ዘንድ ሲደርስ «አፍህን ክፈት» አለው። ከፈተ። አሸተተ፤ ምንም የለም።

«ጮማ መቼ ነው የበላኸው?»

«ለፋሲካ።»

«ለዘንድሮው?»

«ኧረ ለካቻምናው።»

«ጠጅስ?»

«ጌታዬ ሲጠጡ አይቻለሁ።»

አጋፋሪው በጣም ደስ አለው። ትከሻውን መታ መታ አደረገና «ጎሽ ቢተው! ካንተ የበለጠ ጤናውን የጠበቀ በዚህ አገር የለም!» አለው።

አያ ቢተው እጁን በደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ ድህነት መስሎኝ ነበር!»

*

ከግቢው ጀርባ ዳገት አለ። አጋፋሪው በበቅሎ ተጭኖ አናቱ ላይ ይወጣና ጥላ ሥር ተቀምጦ ማን እንደ ወጣ ያያል። መጀመሪያ የሚወጣው የእህቱ ባል አድጎ ነበር፤ የግቢው በር ጠባቂ ነው፤ ወፍራም በትሩን እያወዛወዘ፣ እጁን እያፍታታ ይወጣል። «ጤነኛ!» ይላል አጋፋሪው።

ከእሱ ኋላ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ከወንዝ ይመጣሉ፤ ዳገቱን ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። አንዷ ላቧን እየጠረገች «አጋፋሪ፣ እኛንስ አላዩንም?» አለችው።

«የእናንተማ ሥራ ነው እንጂ ጤና አይደለም። ጤና የሚባለው ባዶ እጅ ሲወጡ ነው።»

አያ ቢተው የበቅሎዋን ልጓም ይዞ እዚያው ቆሟል። እንስራውን አየ፤ አጋፋሪውን አየ።

«ታዲያ ጤናቸውን የከለከላቸው እንስራው ከሆነ፣ እርስዎ ያዝ ያድርጉላቸዋ!»

*

ሙክቱ ከግርግሙ አጠገብ ታስሮ ይቀለብ ነበር። ገብስ በላዩ፣ ባቄላ በላዩ፤ ከመወፈሩ የተነሣ መነሣት አቅቶት ተኝቶ ነው የሚበላ። አያ ቢተው በሄደ በመጣ ቁጥር ቆም ብሎ አይቶት አንገቱን ይነቀንቃል።

አጋፋሪው «ምነው፣ ጎመጀህ?» አለው።

«ኧረ አዝኜለት ነው። በዚህ ግቢ ሲበላ እየዋለ ዳገት የማይወጣ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ለመስቀል ይታረዳል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ያሳርዳል።»

*

አሁን ወደ እትዬ ደብሪቱ እንሂድ። አንድ ቀን አጋፋሪው በወፍጮ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ ሳሏን ሰማ። ብቅ ብሎ አያት። «አንቺ ሴት፣ ይህ ሳል ለመስቀል ካልተወሽ ድርጎሽን እርሺው» ብሏት ሄደ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትፈጫለች። ሳሉ ሲመጣ ዓይኗ ይፈጣል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። አያ ቢተው ወፍጮውን ሊወቅር መጥቶ እንዲህ ሆና አገኛት። ነጠላውን ከአፏ ቀስ አድርጎ አወጣላት።

«ምን እየሆንሽ ነው እትዬ?»

«ልውጠው ብል አልዋጥልህ አለኝ ቢተው ወንድሜ። ድርጎዬን ከወሰዱብኝ በዚህ ጉብጠቴ ማን ቤት ያስገባኛል?»

መለሰላት እንጂ ድምፁ እንደ ወትሮው አልሳቀም ይባላል። «ሳይው እቴ፣ ሳይው! በዚህ ቤት ስትኖሪ ካገኘሽው ሁሉ ለራስሽ የተዉልሽ እሱን ብቻ ነው።»

*

የኮሶው ቀን ደግሞ መጣ። በዚያ ዘመን ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ተከናንቦ ይውላል፤ ጌታም ቢሆን አያዘውም፤ እንግዳም ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሳይቀየም ይመለሳል። ደንቡ ነው። ታዲያ ለሙክቱ ሲል ሁሉም በየተራ ኮሶውን ሲጠጣ፣ ዛሬ ወጥ ሠሪዋ ትተኛለች፣ ነገ እንጨት ፈላጩ፣ ከነገ ወዲያ ጠጅ ጣዩ። ፊታውራሪ ተናደዱ። «እንዲህ በየቀኑ አንድ አንድ ሰው ከሚጎድልብኝ ሁላችሁም በአንድ ሐሙስ ጠጡና ገላግሉኝ!» ብለው አዘዙ። ብልሃታቸው ራሳቸውንም አስደሰታቸው።

ሐሙስ ማለዳ ግቢው በሙሉ ኮሶውን ጨለጠ። አጋፋሪው ጠጣ፣ አድጎ ጠጣ፣ ሴቶቹ ጠጡ። ፊታውራሪ ብቻ ይመራል ብለው ተዉት።

ረፋዱ ላይ ደጃዝማች ምትኩ፣ የፊታውራሪ አለቃ፣ ሳይታሰቡ ከነአጃቢዎቻቸው ደረሱ። በሩ ቢንኳኳ የሚከፍት የለም። ፊታውራሪ ያንን ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው ከፈቱ። የደጃዝማችን በቅሎ ልጓም ራሳቸው ያዙ። ውሃ ፍለጋ ጓዳ ገቡ፤ እንስራው ባዶ ነው። እሳት የለም፣ ወጥ የለም። በየጥጉ የተከናነበ ሰው ያቃስታል።

በመጨረሻ በቅሎ እየሳቡ ጋጣ ደረሱና ጋቢውን ለብሶ የተኛውን አያ ቢተውን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ተነሥ አንተ! ደጃዝማች በደጅ ቆመዋል!»

አያ ቢተው ከጋቢው ሥር አንድ ዓይኑን ብቻ አወጣ። «አልችልም ጌታዬ፤ እንዳዘዙን ሁላችንም ጤነኛ በመሆን ላይ ነን። ለሥራ የተረፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ደጃዝማች ከኋላ ሰምተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወንድሜ ገሰሰ፣ ይህን ሙክት የሚወስደውን ሰው ሳላይማ አልቀርም። ለመስቀል ጠብቀኝ» ብለው፣ በባዶ ሆዳቸው እየሳቁ ሄዱ።

*

መስቀል ደረሰ። ሙክቱ በግቢው መሃል ታሰረ። ፊታውራሪ እግራቸውን አስጠቅልለው አልጋ ላይ፣ ደጃዝማች ምትኩ በጎናቸው ተቀመጡ። አጋፋሪ ቢሻው አንድ ጦር መሬት ላይ ተከለና «እያንዳንዱ እየመጣ በጦሩ ልክ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ጤና በቁመና ይታወቃል» አለ።

አድጎ ቆመ። ቀጥ! ከበሩ ሥር ቁጭ ብሎ ከመዋል በቀር ምን ሠርቶ ይጎብጥ? አጋፋሪው «ሙክቱ የእሱ ነው!» አለ።

ከዚያ እትዬ ደብሪቱ ተጠራች። መጣች። ቀና ለማለት ጥርሷን ነክሳ ታገለች፤ ራሷ ከጦሩ እኩሌታ አላለፈም። ይባስ ብሎ ያ ሳል መጣባት፤ ሳለች፣ ሳለች፣ ጦሩን ይዛ ነው የቆመችው።

ፊታውራሪ ለደጃዝማች እያሳዩ «ይኸው! አኗኗሯን ባታውቅበት አይደል እንዲህ የሆነችው? ድርጎዋ ተነሥቶ ለአድጎ ይሰጥ» አሉ።

«እሟገታለሁ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አያ ቢተው ነው።

«ሙግት በውርርድ ነው፤ በምን ትወራረዳለህ? በቅሎ አለህ?» አሉ ፊታውራሪ እየሳቁ።

«የማውቃት በቅሎ የጌታዬ ናት። እሷን ባስይዝ ይቆጣሉ። የራሴን ድርጎ አስይዣለሁ።»

እትዬ ደብሪቱ ክንዱን ያዘችው። «ተው ቢተው! አንተስ ምን ልትበላ ነው?»

«ጤና እበላለሁ እቴ።»

ደጃዝማች ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «እኔ ዳኛ ነኝ። ገሰሰ፣ ቃልህን ስጥ።»

ፊታውራሪ ደረታቸውን ነፉ። «ቃሌ ይኸው! ሥራ ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ የሚጎዳው ክፉ አኗኗር ነው። በእኔ ቤት ጠጅና ጮማ ሳይነካ፣ ዘመኑን ሙሉ ሲሠራ ብቻ ኖሮ ያለቀ ካለ ያምጣና ያሳየኝ። ካሳየኝ ድርጎዋ ዕድሜዋን ሙሉ ይሰፈርላት። ካላሳየኝ የእሱም የእሷም ለአድጎ!»

«ሰምቻለሁ» አሉ ደጃዝማች።

አያ ቢተው በቅሎዋን እየሳበ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደ። ቆየ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ አጋፋሪው «ጠፋ!» አለ። ኋላ በቅሎዋ ከበድ ያለ ነገር በጆንያ ተጭና ቀስ እያለች መጣች። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች አግዘውት አወረደና ከአልጋው እግር ሥር አስቀመጠው፤ ጆንያውን ገለጠው።

ወፍጮው ነው። ያ ደረቱ ሙሉ የነበረው ጥቁር ድንጋይ መሃሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል፤ ከሥር ከመሳሳቱ የተነሣ ሊበሳ የደረሰ ይመስላል። አያ ቢተው የእትዬ ደብሪቱን እጅ ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባው። እዚያው የተሠራላት ይመስል ልክክ አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ ፊታውራሪን አየ።

«ሁለቱም እዚህ ቤት የገቡ በአንድ ቀን ነው ጌታዬ። እሷስ ሰው ናት፣ ተደብቃ ትበላ ይሆናል፤ ይህ ድንጋይ ግን የማንን ጠጅ ጠጥቶ ነው እንዲህ ያለቀ?»