አያ ጅቦ የተዋሰው ቸርኬ

«ተረት አለኝ» ስል «እኛም ጆሮ አለን» በሉኝ። አላላችሁም፤ ግድ የለም፣ እንዳላችሁ ቆጥሬ ልቀጥል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት መኪና በሚነዱበት ዘመን፣ እመት ኤሊት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አትሳቁ! መኪና ለኤሊ ካላስፈለገ ለማን ሊያስፈልግ ነው? መኪናዋ አሮጌ ናት። ቸርኬዎቿ ግን፣ እነዚያ ጎማው የሚታቀፋቸው ክብ ብረቶች፣ እንደ ብር ያበሩ ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ በጨርቅ ሲወለውላቸው ይውላል። ከሞተ በኋላ እሷ ትወለውላለች። ስትወለውል አጠገቧ የተቀመጠ ይመስላታል። ልጅ አልወለዱም፤ ከእሱ የቀራት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቷ አያ ጅቦ መጣ። ቀበሮ ሊያገባ ነው፣ አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝና መኪናሽን አውሺኝ አላት። ለሠርግ የተለመኑትን መንሳት ነውር ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም በውሰት አይደል የሚደገሰው? ኤሊት ልቧ እየፈራ ቁልፉን ሰጠችው።

«ሌላ ምንም አልልህም» አለችው። «ቸርኬዎቹን ብቻ እንዳየሃቸው መልስልኝ።»

«እናቴ ትሙት!» አለ አያ ጅቦ። እናቱ እኮ ከሞተች ቆይታለች።

ቤቱ እንደደረሰ ቸርኬውን ዞሮ ዞሮ አየና ናቀው። የሽማግሌ ነገር ነው አለ። በዚያ ዘመን ሚዜ የሚያምረው በጥቁር ቸርኬ ነበር። ስለዚህ ቀለም ነጋዴዋ እመት ጦጢት ዘንድ ሄደ። እሷም በጣሳ የታሸገ የሚረጭ ቀለም አወጣችለት። ሲሰለችህ ጫፉን ይዘህ ሳበው፣ እንደ ሙዝ ልጣጭ ወልቆ ይመጣል፣ ብረቱን አይነካውም አለችው። ስለ ሙዝ ከጦጣ በላይ ማን ያውቃል? አመናት።

«ታዲያ ደራርበህ እርጨው» አለችው። «አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትጨምር። ከሳሳ አይላጥም።»

አያ ጅቦ አንዴ ረጨ። ነፋስ ነበርና ጠብታው በእሱም ገላ ላይ አረፈ፤ በኋላ እልጠዋለሁ ብሎ ተወው። ቀለሙ እስኪደርቅ ቁጭ ሲል ከበሮ ተሰማ፤ ቻለው። እልልታ ተሰማ፤ እሱንም ቻለው። የሥጋ ሽታ ሲመጣ ግን ጅብ ነውና አልቻለም። ጥቁር እስከሆነ ድረስ ውፍረቱን ማን ይለካል ብሎ መኪናዋን አስነሳ።

ሠርጉ ላይ ቸርኬውን ያላደነቀ የለም። አያ ጅቦ የእኔ ነው አላለም፤ የሰው ነውም አላለም።

በማግስቱ ሊልጠው ተቀመጠ። በጥፍሩ ሳበው፤ ፍርፋሪ ሆኖ ጣቱ ላይ ቀረ። በጥርሱ ነከሰው፤ አፉ ጠቆረ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። ቢቸግረው አሸዋ አምጥቶ ፈተገው። ያን ጊዜ ለቀቀ፤ የብረቱን ወዝ ይዞ ለቀቀ። የሟቹ የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት ተቧጠጠ።

ኤሊት ስታየው አልጮኸችም። በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው፤ አላበራም። ደግማ አበሰችው። ከዚያ አለቀሰች። አያ ጅቦ ግን በጋቢው ተሸፋፍኖ፣ መንገዱ ድንጋያማ ነው፣ ቀለም የሚባል በዓይኔ አላየሁም ብሎ ካደ። ጉልበተኛ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ሊመሰክርበት ፈራ።

ኤሊት ዳኛው አያ አንበሶ ዘንድ ከሰሰች። ጅብ ብርድ መታኝ ብሎ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቀረበ፤ እዚያም ካደ። አንበሳ ምስክር አለሽ ወይ ቢላት የጅብን ጋቢ ትክ ብላ አየችው።

«ጌታዬ» አለች፣ «ሠርጉን ያደመቀው የአያ ጅቦ ሳቅ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሐዘንተኛ ነኝና አልሄድኩም። አንዴ ያሰማኝና ክሴን ልተው።»

በዚህ የሚገላገል መስሎት፣ ደግሞም ውዳሴ ወዳድ ነውና፣ አያ ጅቦ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። ጋቢው ወደቀ። ጥርሱ ከነድዱ ጥቁር፣ ገላውም በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነበር። ችሎቱ ሁሉ አየ።

አያ አንበሶም ፈረደ። ቸርኬው እስኪያበራ እሑድ እሑድ እየሄደ እንዲወለውል፣ ገላው ላይ ያለውን ቀለም ግን እንዳይነካው አዘዘ። ያየው ሁሉ ይወቀው አለ።

አያ ጅቦ ክረምት ከበጋ ወለወለ። በመጨረሻ ቸርኬው አበራ፤ ፊትን ያሳይ ጀመር። ኤሊት አጠገቡ ተቀምጣ ስታየው ቆየችና ጨርቁን ከእጁ ወሰደች።

«ይበቃል አያ ጅቦ» አለችው። «አብርቷል። ግን አንተ ስትወለውለው እሱ አይመጣም።»

ያን ቀን ጅብ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ደፋ። ነጠብጣቡም ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ በቀን መውጣት አፍሮ ሲመሽ ነው የሚወጣው።

ልጆቼ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይሄኛው ግን አፍሶ የሚለቅመውንም አጣ። ከዚያ የሚበልጠውን ያዙልኝ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በበቆሎ እሸት አብሱ፤ ለስላሳውን ምረጡልኝ፣ ጥርስ የለኝም።