በነጭ ነጠላ ላይ የተገለበጠው ብልቃጥ

ስሙኝማ። ይህን የማወራው ቅባት በነካ እጄ ነው፤ ቃል ካመለጠኝ አንሸራትቶኝ ነው።

መተማ ላይ፣ ጥላው ሳይቀር በሚያቃጥልበት አገር፣ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ምኞቷ ትንሽ ናት፤ የሰሊጥ ዘይትና ቫይታሚን ኢ አፍልታ የሠራችው የፊት ቅባት ረግቶ እንዲቆምላት። አማቷ ወይዘሮ ትርንጎ ግን ብልቃጡን ዘንበል አድርገው፣ «ይሄማ ለኩራዝ ነው» አሉ፣ በዕድር ሴቶች ፊት። እንጉዳይ ደሟ ፈላ። «ለእሁድ በነጭ ነጠላዎ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ጠብ አይልም» አለች። ተናገረች፣ አለቀ።

ዘይቱን «እርጋ» አለችው። «ሰም ካልያዘኝ አልረጋም» አላት።

ሰሙን «ዘይቱን ያዝ» አለችው። «የፈላ ውሃ ካላቀለጠኝ አልይዝም» አላት። ሰም አልያዘ፣ ዘይት አልረጋ።

ውሃውን «ሰሙን አቅልጥ» አለችው። «ከሰል ካልነደደልኝ አላቀልጥም» አላት። ውሃ አላቀለጠ፣ ሰም አልያዘ፣ ዘይት አልረጋ።

ከሰሉን ዝናብ አበስብሶት ነበር። «ፀሐይ ካላደረቀችኝ አልነድም» አላት። ከሰል አልነደደ፣ ውሃ አላቀለጠ፣ ሰም አልያዘ፣ ዘይት አልረጋ።

ፀሐይን ለመነቻት። «ያንቺን ግቢ ማንጎው ከልሎብኛል፤ እኔ የምገባው በአማትሽ ግቢ ነው» አለቻት። ፀሐይ አላደረቀች፣ ከሰል አልነደደ፣ ውሃ አላቀለጠ፣ ሰም አልያዘ፣ ዘይት አልረጋ።

እንጉዳይ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ የአማቷን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ይክፈቱልኝ፤ ከሰሌን እርስዎ ግቢ ፀሐይ ላይ ላስጣ።»

«በምን እግሬ ልነሳ ልጄ? ተረከዜ ተሰነጣጥቆ መሬት አላስረግጥ ብሎኛል።»

በር አልተከፈተ፣ ፀሐይ አላደረቀች፣ ከሰል አልነደደ፣ ውሃ አላቀለጠ፣ ሰም አልያዘ፣ ዘይት አልረጋ፣ እሁድም እየደረሰ ነው።

ያን ጊዜ ያንኑ የሚፈሰውን ብልቃጥ ከተቀመጡበት አጠገብ ባለው የአጥር ቀዳዳ አቀበለቻቸው። ወይዘሮ ትርንጎ አጉረመረሙ፤ ግን ማታ ተቀቡ፣ ጠዋትም ተቀቡ፣ ደግመውም ተቀቡ። ተረከዙ ለሰለሰ፣ በር ተከፈተ፣ ፀሐይ አደረቀች፣ ከሰል ነደደ፣ ውሃ አቀለጠ፣ ሰም ያዘ፣ ዘይቱም ሊረጋ ሲል፣

«ቆዪማ» አለ ቫይታሚኑ። «ባለፈው ከዘይቱ ጋር አፍልተሽ ጨረስሽኝ። እኔ መጨረሻ የምጠራ እንግዳ ነኝ።»

እንጉዳይ ድስቱን አወረደች። ጣቷን እስከማያቃጥላት ድረስ ጠበቀች፣ ከዚያ ቫይታሚኑን ጠብ አድርጋ አማሰለች። ዘይት ረጋ።

እሁድ ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ ነጩ ነጠላ ተዘረጋ፣ ብልቃጡ ተገለበጠ። ነጠላው እንደነጣ ቀረ።

«ኩራዙስ እትዬ ትርንጎ?» አለች አንዷ ነገረኛ።

«ኩራዙ በጋዙ ይብራ» አሉና እግራቸውን ዘረጉ። «የምራቴን ሙያ ማየት የፈለገ ተረከዜን ይይ።»

እንጉዳይ ኮራች። እኔም ኮራሁላት። ተረቴን ከድኜላችኋለሁ፤ ገልብጡት፣ አይፈስም።