ጫካው ሁሉ እንግዳ የሆነበት ዓመት

አንድ ጊዜ አንበሳ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ቆሞ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጫካ ሲያይ ዋለ። የማዶው ሣር ረዝሟል፣ አራዊቱ ወፍረዋል፣ መንገዱም በመጪና በሂያጅ ተሞልቷል። ወደ ራሱ ጫካ ዞር ሲል ያገኘው የተጋጠ መስክ ብቻ ነበር። ቀና። በማግስቱ አራዊቱን ሰበሰበ።

«ከእንግዲህ ከማዶ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ያላቸውን ይዘው መጥተው እዚህ ይሠራሉ። ከእኛ ዘንድ የተረፈው ደግሞ ወደ ማዶ ይላካል። የሚመጣውን የሚጠራ፣ የሚወጣውንም የሚልክ መሥሪያ ቤት አቋቁሜያለሁ። ያለ እሱ ፈቃድ ወንዙን መሻገር እንደ ድሮው ክልክል ነው። ከማዶ የመጣ እንግዳ ግን አይነካም! የነካ ከእኔ ጥፍር ጋር ይተዋወቃል።»

ኃላፊ ለመሾም ብዙ ክርክር አላስፈለገም። ሥራው መጥራት ነው ተባለ። በጫካው ውስጥ ድምፁ ከሁሉ ርቆ የሚሰማው ጅብ ነው። ስለዚህ አያ ጅቦ ዋና ዳይሬክተር ሆነ። ቃል ማሳመር የሚችለው ቀበሮ ደግሞ ምክትሉ ሆነ። ከመሥፈርቱ አንጻር በሹመቱ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም።

አያ ጅቦ በትጋት ሥራ ጀመረ። አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ ይወጣና ይጮኻል።

«ኑ! አገራችን ሰላም ነው! ማንም አይነካችሁም! በተለይ ወፈር ወፈር ያላችሁ ቅድሚያ ትስተናገዳላችሁ!»

በማዶ ሣር የሚግጡት ጎሾች ቀና ብለው አዳመጡት። ከዚያም ሳይቻኮሉ፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ ከወንዙ ራቅ ወዳለ መስክ ሄዱ። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ አያ ጅቦ እንዲሁ ሲጮኽ ከረመ፤ የመጣ ግን የለም።

«ድምፄ አይሰማቸውም ማለት ነው?» አለ ግራ ገብቶት።

«ይሰማቸዋል እንጂ፣ ክቡር ዳይሬክተር» አለ ቀበሮ። «እርስዎ ሲጠሩ አይደል እንዴ ተነሥተው የሚሄዱት።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ቃሉ ይሆናል። ‹ወፈር ወፈር ያላችሁ› የሚለውን ‹ከፍተኛ አቅም ያላችሁ› ብንለውስ?»

ቃሉ ተለወጠ። ጎሾቹ ከበፊቱም ራቁ። ቀበሮ ስለ ድምፁም አንድ ነገር ሊናገር አሰበና የአለቃውን ጥርስ አይቶ ተወው።

በዚህ መሃል አህያ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጣች። እርጉዝ ናት። በጋው ደግሞ ደርሷል። በዚያ ጫካ በጋ ከገባ ሣር አይገኝም፤ ባለፈው ዓመት የወለደቻት ውርንጭላ ወተት አጥታ ሞታባታለች። ይህችኛዋ እንዳትሞት አንድ መላ አስባለች። ኮረብታው ሥር ጨዋማ አፈር አለ። ማዶ ሣር እንጂ ጨው የለም። ጨው ወስዳ ሣር ይዛ ትመለሳለች።

ከበሩ አንድ ዝላይ ያህል ርቃ ቆመች። ከጅብ ጋር ስትነጋገር ልማዷ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ጅቦ?»

«እንግዳ ነሽ?» ብሎ አያ ጅቦ ዘሎ ተነሣ።

«ኧረ እዚሁ ነው የምኖረው! ትናንት እንኳ ሲያሳድዱኝ አልነበር?»

«እ… አዎ፣ አዎ» አለና ቅር ብሎት ተመልሶ ተቀመጠ። «ምን ፈለግሽ?»

አህያ ሐሳቧን አስረዳች። አያ ጅቦ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ በመጨረሻም፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ይህ ቤት ለእንግዳ ነው፤ አንቺ ደግሞ የቤት ነሽ» አላት።

«ወደ ውጭ መላክስ የእናንተው ሥራ አይደለም?»

«ነው እንጂ። መጀመሪያ ግን እንግዳ ይመጣና አፈሩን ይረከባል። ከዚያ የሚልከው እሱ ነው።»

«እንግዳው ካልመጣስ?»

አያ ጅቦ ቀበሮን አየ። ቀበሮ ሰማዩን አየ።

«ይጠበቃል» አለ አያ ጅቦ። ከዚያ ዓይኑ ሆዷ ላይ አረፈ። «ዘንድሮ ግን ደህና ወፍረሻል።»

«እርጉዝ ነኝ እኮ!»

«አሃ። ሁለት ናችሁ ማለት ነዋ።»

አህያ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ወዲያው ከኮረብታው ላይ የአንበሳ ድምፅ አስተጋባ፦ «ነገ እንግዶቼን ለማየት እመጣለሁ!»

የአያ ጅቦ ጅራት እግሮቹ መሃል ገባ። ቀበሮ ግን አህያን ከጆሮዋ እስከ ኮቴዋ ተመለከታት።

«እሜት አህያ፣ ዋና ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ፈቅደንልሻል። ዛሬ ማዶ ተሻግረሽ እደሪና ነገ ተመለሽ። ከማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ አዋጁ ከዚህ ሌላ ያለው ነገር የለም።»

«እኔ እኮ እኔው ነኝ።»

«ነገ አይደለሽም።»

አህያ ጅቡን በጎን አየችው። «ከማዶ ስመጣ… አይነኩኝም?»

«አይነኩሽም።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አያ ጅቦ። «ይቺ ዛሬ አህያ ናት። ነገም አህያ ናት። እንዴት ነው ዛሬ የምትበላ፣ ነገ የማትበላ?»

«ነገ እንግዳ ናታ፣ ክቡር ዳይሬክተር።»

«ትናንት ያሳደድኳትስ?»

«እሷ ሌላ ናት።»

አያ ጅቦ ነገሩን ሲያሰላስል አህያ ወንዙ ውስጥ ገብታለች።

በማግስቱ አህያ ውሃ እያንጠባጠበች ስትደርስ ዝንጀሮዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡላት። አንበሳም ከመቀመጫው ተነሣ።

«እንኳን ደህና መጡ። መንገድ እንዴት ነበር? ደከመዎት?»

አህያ በዕድሜዋ እንዲህ በአክብሮት ያነጋገራት ስላልነበረ፣ ማንን እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች።

«አንዲት የማውቃት አህያ ትመስለኛለች» አለ አንበሳ ወደ ቀበሮ ዘንበል ብሎ።

«አህያ ከአህያ ይመሳሰላል፣ ጌታዬ።»

«እንደሱ ይሆናል። ምን እንርዳዎት፣ እመቤቴ?»

«ኮረብታው ሥር ያለውን ጨዋማ አፈር…» ብላ ጀመረች።

«ተፈቅዷል። ከምንጩ አጠገብ ያለው ጥላም የእርስዎ ነው። አያ ጅቦ ራሱ እያጀበ ይጠብቅዎት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያ ጨው ጭና ስትወጣና ስትወርድ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ አብሯት ይሄዳል።

«እንግዳ ነሽ አይደል?»

«እንግዳ ነኝ።»

«ተሳስተሽ እንዳይሆን።»

«ኧረ አልተሳሳትኩም።»

ሚዳቋ ይህን አይታ ዓይኗን ማመን አቃታት። ምሥጢሩን ጠየቀቻት፤ አህያም ሳትደብቅ ነገረቻት። በማግስቱ ሚዳቋ ከማዶ መጣች። ቀጥሎ ከርከሮ ቤተሰቡን አስከትሎ መጣ። ጥንቸሎች መጡ። ቀበሮ ለሁሉም የመሻገሪያ ፈቃድ ሰጠ፤ ዝንጀሮዎች ከማጨብጨብ ብዛት መዳፋቸው አበጠ፤ ኋላ እነሱም ተሻግረው መጡና የሚያጨበጭብ ጠፋ። አንበሳ በእንግዶቹ ብዛት ተደሰተ።

የተቸገረው አያ ጅቦ ነው።

«ቀበሮ፣ እዚህ ጫካ ውስጥ አንድ እንኳ የአገር ልጅ አልቀረም?»

«እርስዎና እኔ አለን።»

አያ ጅቦ ቀበሮን ትንሽ ረዘም አድርጎ አየው። ቀበሮም መላ ለማምጣት ተጣደፈ። «እንግዳ ለዘላለም እንግዳ ይሆናል የሚል ነገር አዋጁ ላይ የለም። እዚህ ያደረ የቤት ሰው ነው እንበላ!»

አያ ጅቦ ደስ ብሎት አዲሱን መመሪያ ከቋጥኙ ላይ አወጀ። ይኼኛውን ጥሪ ሁሉም ሰማው። ከዚያ በኋላ አራዊቱ ሲመሽ ወደ ማዶ፣ ሲነጋ ወደዚህ መመላለስ ጀመሩ። አያ ጅቦ አመሻሽ ላይ ወጥቶ «ኑ! ማንም አይነካችሁም!» ሲል ጫካው በሙሉ ከእግሩ ሥር ተሰልፎ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሻገራል። ሊከተላቸው አይችልም፤ ማዶ ያሉት ጎሾች ቀንድ አላቸው። በዚህ ላይ የሚጠራውን ድምፅና የሚሄደውን ሰልፍ አንድ ላይ ሲያስባቸው ራሱን ያመው ነበር።

አህያ እየከበደች ሄደች። ወንዙም በየቀኑ የሚሰፋ ይመስላት ጀመር። አንድ ጠዋት ማዶ ላይ ለመነሣት ስትታገል አንድ ሽማግሌ ጎሽ ቀረባት። ጨውዋን እየላሰ የከረመ ደንበኛዋ ነው።

«እዚያ ማዶ ምንድን ነሽ፣ ልጄ?»

«እንግዳ ነኝ፣ አባባ።»

«እዚህስ?»

«እዚህም… እንግዳ ነኝ።»

«ታዲያ አገርሽ የት ነው?»

አህያ ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች። «ወንዙ ይመስለኛል» አለች።

ጎሹ ሳቀ፤ ግን ሳቁን አልጨረሰውም። «ሽማግሌ ነኝና ልጠይቅሽ። ያ የሚጮኸው ሰውዬ ማንም አይነካችሁም ይላል። እንሂድ እያሉ ልጆቻችን ይጨቀጭቁን ነበር። እኛ ግን የእናንተን መሻገር እያየን ቀረን። አንቺ ራስሽ እዚያ ለማደር እየፈራሽ፣ ለእኔ ምን ትመክሪኛለሽ?»

አህያ ሣሩ ላይ መልሳ ተኛች። ምጡም ጀምሯት ነበር። ፀሐይ ሳትጠነክር ሣሩ መሃል ውርንጭላ ወለደች። ከኋላዋ ለመሻገር የተሰለፉት ሚዳቋና ከርከሮ፣ ጥንቸሎችና ዝንጀሮዎች ቆመው አዩ። ወንዙን አዩት፣ ሣሩን አዩት። አንዱ ተኛ። ከዚያ ሌላውም ተኛ።

ከሰዓት በኋላ አንበሳ እንግዶቹን ሊጎበኝ ወርዶ ያገኘው ድምፁ የሰለለ ጅብና ከኋላው የተደበቀ ቀበሮ ብቻ ነው።

«እንግዶቼስ?»

«ወጡ፣ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ።

«የአገሬው አራዊትስ?»

«እነሱም እንግዶቹ ነበሩ። ወጡ።»

«አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም፣ ጌታዬ።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ የመሥሪያ ቤታችን ሥራ ሁለት ነበር። በእንግዳ በኩል ጥቂት ይቀረናል። ወደ ውጭ በመላክ ግን ዘንድሮ የሚስተካከለን የለም። ጫካውን በሙሉ ልከናል።»

አንበሳ ይደሰት ወይስ ይቆጣ ሊወስን አልቻለም። ባዶውን መስክ አየ። እሱም ቢሆን እንደ አያ ጅቦ እየራበው ነበር።

«ጥራቸው እንግዲህ» አለ በመጨረሻ።

አያ ጅቦ ቋጥኙ ላይ ወጣ። «ኑ! አገራችን ሰላም ነው! ማንም አይነካችሁም!»

ማዶ አዲሷ ውርንጭላ ጆሮዎቿን አቁማ ቀና አለች። «እማ፣ ማነው የሚጠራን?»

«ማንም አይደል» አለች አህያ። «አንቺ ጥቢ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሩቅ እንግዳ የሚመጣው ጥሪው ስላማረ ሳይሆን የቤቱ ሰው እንዴት እንደሚኖር አይቶ መሆኑን ነው።