አንገት መድፊያ

ከወሎ ደጋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በረሃው በሚወርደው የተራራ መንገድ ላይ፣ ዱካው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ፤ አንገት መድፊያ ይባላል። ጎንበስ የሚያሰኝ ቅርንጫፍም ሆነ የተንጠለጠለ ቋጥኝ የለበትም፤ ጥቁር ድንጋይና ደረቅ ቁጥቋጦ ብቻ ያለበት ሜዳ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጸደይ ሲገባ በቡድን ሆነው በእግር የሚያልፉ መንገደኞች ይህ ስም ከየት እንደመጣ መጠየቃቸው አይቀርም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ የሰንበሌጥ አምባ ሰዎች በየዓመቱ በዚሁ ወቅት ተሰባስበው፣ ከበረሃማው ተራራ ማዶ ወዳለው ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። መንገዱ ሁለት ቀን ያስኬዳል። የሚመራቸው አበጋዝ ሙሄ የሚባል ሰው ነበር፤ በረሃውን በደንብ የሚያውቅ፣ እግሩ ፈጣን፣ ከየትኛውም መንደር ቀድሞ ሰዎቹን ፍል ውሃው ዘንድ በማድረሱ የሚኮራ። በዚያ ዓመት ደግሞ የጎረቤት መንደር ሰዎች በገበያ ላይ «ዘንድሮ እንቀድምሃለን» ብለው ስለዛቱበት፣ ነገሩ ከአንጀቱ ገብቶ ነበር ይባላል።

ከተጓዦቹ መካከል እመት ጦይባ የሚባሉ አሮጊት አዋላጅ ነበሩ፤ የአበጋዝን ሦስት ልጆች ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በፍል ውሃው ሊታጠቡ ነው የወጡት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ መንገዱ ከሚከፈልበት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ጠሩት።

«አበጋዝ ልጄ፣ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ጥቂት እረፉልኝ።»

አበጋዝ ቁልቁል ሲመለከት በሩቁ አቧራ ታየው፤ የጎረቤት መንደር ሰዎች በታችኛው መንገድ እየመጡ ነበር።

«እመት፣ እርስዎ ቀስ ብለው ይድረሱ» አላቸው። «መንገዱ አንድ ነው፣ አይጠፋዎትም።»

መንገዱ አንድ እንዳልነበረ ያውቅ ነበር። የግራው ወደ ፍል ውሃው ይወስዳል፣ የቀኙ ጠብታ ውሃ ወደሌለበት ሸለቆ ይወርዳል። ነግሯቸው ለመሄድ እንኳ ጊዜ የሚያባክን መስሎት፣ ሰዎቹን አስከትሎ ገሰገሰ።

ቀድሞም ደረሰ። ሰዎቹ እልል እያሉ ውሃው ውስጥ ሲገቡ አንዲት ሴት «እመት ጦይባስ?» ብላ ጠየቀች። አበጋዝም «ከኋላዬ ነበሩ፣ አሁን ይደርሳሉ» አለ። ይህን ካለ በኋላ ግን ውሃው አልሞቀውም ይባላል፤ እየደጋገመ ወደ መንገዱ ያይ ነበር፤ ተነስቶ እንዳይፈልጋቸው ደግሞ ውሸቱ ሊታወቅበት ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጎረቤት መንደር ሰዎች ደረሱ። እመት ጦይባን በቃሬዛ ተሸክመዋቸዋል። ከሸለቆው ግርጌ፣ የውሃ ቅላቸው ባዶ ሆኖ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ድንጋይ ተደግፈው እንዳገኟቸው ተናገሩ። አንድ ሽማግሌም በቁጣ «ማነው እኚህን ሴት ጥሎ የመጣ?» ሲሉ ጠየቁ።

እመት ጦይባ በደከመ ድምፅ «ማንም አልጣለኝም። ሂዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ መንገዱንም የሳትኩት እኔው ነኝ» አሉ።

አበጋዝ እዚያው ቆሞ ነበር። ቢሰድቡት መልስ አያጣም ነበር፤ ሲሸፍኑለት ግን የሚገባበት ጠፋው። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። መሬት መሬት እያየ «ዋሽተውልኝ ነው» አለ። «መንገዱ አንድ ነው ብዬ ትቻቸው የመጣሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም ዋሸሁ።»

ሽማግሌዎቹ ቅጣት ሊቆርጡበት ተቀመጡ። እመት ጦይባ ግን ከተኙበት ሆነው «በበደለኝ ላይ እኔ ልፍረድ» ብለው ለመኗቸውና ተፈቀደላቸው።

«ስንመለስ ከኋላዬ ትሄዳለህ» አሉት። «ስቀመጥ ትቀመጣለህ። ስነሳ ትነሳለህ። ሌላ ቅጣት የለብህም።»

ሁለት ቀን የሚፈጀው መንገድ አምስት ቀን ፈጀ ይባላል። አበጋዝ የአሮጊቷን ተረከዝ እያየ፣ በእሳቸው እርምጃ ልክ ተራራውን ወጣ። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ እመት ጦይባ አረፉ፤ እሱም ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ አበጋዝ ከፊት ሆኖ መርቶ አያውቅም። ሲያረጅና ሰው ሲያከብረው፣ የአገሩ ሰዎች ቦታውን የአበጋዝ በር ብለው ሊሰይሙለት ቢያስቡ «ያፈርኩበትን ቦታ አታስውቡልኝ» ብሎ እንደከለከላቸው ይነገራል።

ዛሬም የአገሩ መንገድ መሪ እዚያ ሲደርስ ዳር ይዞ ይቆማል፤ አንገቱን ደፍቶ የመንገደኞቹን እግር እየቆጠረ ያሳልፋል። ከከተማ የመጡ ወጣቶች «ምነው ቆምክ?» ቢሉትም መቁጠሩን አያቋርጥም። መጨረሻ የቀረው ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ቀና ይልና ከኋላቸው ይከተላል።