ብቻውን የማይገባው ላይብረሪ

ምላሷ ምላጭ የሆነች አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። የመሥሪያ ቤቷ ዋና ዳይሬክተር አቶ ደግአረገ «የሰው እጅ የማያይ ሲስተም ዘረጋሁ» ብለው ለእንግዶች ከፎከሩ በኋላ፣ ለሲስተሙ የሚያስፈልገውን ላይብረሪ የተባለ ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል አድርጋ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ቀይራ፣ እንድትጭን አዘዟት። ገና ስትጀምር ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ይኼኔ ዳይሬክተሩ እንግዶቹንና ቦርሳ ያዣቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ላይብረሪው ሌሎች ሦስት ላይብረሪዎች ካልቀደሙኝ አልጫንም እያለ ነው፣ ጌታዬ።»

ዳይሬክተሩ በእንግዶቹ ፊት አፈሩና ጮኹ። «ራሱን ያልቻለ ነገር በእኔ መሥሪያ ቤት ቦታ የለውም! ብቻውን የማይገባበትን ምክንያት አሁኑኑ ንገሪኝ፤ አለዚያ አንቺም ትወጫለሽ!»

ሴትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣች። «ትልቅ ስለሆነ ነዋ፣ ጌታዬ! እርስዎስ ቢሆኑ አንዱ በር ሳይከፍትልዎ፣ አንዱ ቦርሳ ሳይዝልዎ፣ አንዱ ወንበር ሳይስብልዎ መቼ ገብተው ያውቃሉ?»

ቦርሳ ያዡ ሳቁን ለማፈን ሲታገል ቦርሳው ከእጁ አመለጠው። እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩም አላስቻላቸው፤ እንባቸውን እየጠረጉ፣

«በይ እንግዲህ፣ አጃቢዎቹን አስገቢለት!» አሉ።