የትርንጎ እግርና የይቅርታው ወረቀት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ልቤ ሳይበርድ ላውራችሁ።

ደሴ ላይ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት አስፋልት ስትሻገር እንድሪስ የሚባል ሾፌር በሚኒባስ ገጫትና ቀኝ እግሯ ተሰበረ። ሐኪም ብረት አስገባላት፤ አጥንቱ ግን ጠምሞ ገጠመ። "እንደገና ተከፍቶ ካልተሠራ አይቃናም" አላት። በጠማማ እግር ደግሞ የሲንጀር ስፌት መኪና ፔዳል አይረገጥም። ትርንጎ የምትኖረው በሲንጀሯ ነው። የፈለገችው ይህችኑ ናት፤ እግሯ ተቃንቶ ፔዳሏን መርገጥ።

በክራንች እያነከሰች የሚኒባሱ ኢንሹራንስ ዘንድ ሄደች። የካሳ ክፍሉ አቶ ፍሬሰንበት ከመሳቢያው ወረቀት መዘዘ። "ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይህ የእርስዎ ፊርማ አይደለም?"

የእሷ ነው። በአደጋው በሦስተኛው ቀን እንድሪስ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ አልጋዋ ሥር ወድቆ ነበር። ሽማግሌ አቁሞ "ቆይ ላንብበው" የሚል ማን አለ? ነውር ነዋ! "ይቅር ብያለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም" የሚለው ላይ ሳታነብ ፈረመች። አትፍረዱባት፤ እኔም ብሆን እፈርም ነበር።

"ምንም አልጠይቅም ብለዋል" አለ ፍሬሰንበት። "እኔ ግን ስላዘንኩልዎ ሃያ ሺህ ብር ይውሰዱና ፋይሉን እንዝጋው።"

"ሃያ ሺህ? ለብረቱ ማውጫ እንኳ አይበቃኝም!"

"እንግዲያው ሽማግሌዎቹ 'ይቅርታው ለሾፌሩ ነው፤ ለኢንሹራንሱ አይደለም' ብለው ይጻፉልኝ።"

ሽማግሌ ካልጻፈ ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ኢንሹራንስ ካልከፈለ ሐኪም አያክምም፤ ሐኪም ካላከመ እግር አይቃናም፤ እግር ካልተቃና ሲንጀር አይዞርም!

ትርንጎ የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼህ ሰይድ ቤት ሄደች። "አብሽሪ ልጄ" አሏት። "ግን እርቅ የሁለት ወገን ነው። እንድሪስ ሳይፈርም አንዲት ፊደል አንጨምርም።"

እንድሪስ ካልፈረመ ሽማግሌ አይጽፍም፤ ሽማግሌ ካልጻፈ ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ኢንሹራንስ ካልከፈለ ሐኪም አያክምም፤ ሐኪም ካላከመ እግር አይቃናም፤ እግር ካልተቃና ሲንጀር አይዞርም!

እንድሪስን መናኸሪያ አገኘችው፤ መኪናው ስለታሰረ ጭነት እያወረደ ነው የሚውለው። ክራንቿን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እትዬ፣ እኔማ አሁኑኑ በፈረምኩ! ግን ባለመኪናው ጋሽ ውብሸት 'ሳልፈቅድ አንድ ወረቀት ብትፈርም መሪ አትጨብጥም' ብሎኛል። አራት ልጆች አሉብኝ።"

ውብሸት ካልፈቀደ እንድሪስ አይፈርም፤ እንድሪስ ካልፈረመ ሽማግሌ አይጽፍም፤ ሽማግሌ ካልጻፈ ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ኢንሹራንስ ካልከፈለ ሐኪም አያክምም፤ ሐኪም ካላከመ እግር አይቃናም፤ እግር ካልተቃና ሲንጀር አይዞርም!

ጋሽ ውብሸት ገና ከሱቁ በር ላይ ሲያያት ጮኸባት። "እህቴ፣ ሁለት ወር ሙሉ መኪናዬ ፖሊስ ግቢ ቆሞ ጎማው ተኝቷል! እሱ ሳይለቀቅ ስለ ወረቀት እንዳታነሺብኝ!"

ትርንጎ ከሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የተናደደችው በራሷ ነው፤ ለምን ፈረምኩ፣ ለምን አፌን ያዝኩ እያለች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ፖሊስ ጣቢያ አዘገመች።

ሳጅን ዘውዴ መዝገቡን ገለጠው። "መኪናውን እኛ ወደን አላቆምነውም። 'ታርቀናል' ብሎ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ፤ የተጎጂዋን ቃል የሰጠን የለም። ተጎጂዋ ካልተናገረች እንዴት እንልቀቀው?"

እንግዲህ ትንፋሽ ያዙ! ተጎጂዋ ካልተናገረች ፖሊስ አይለቅም፤ ፖሊስ ካልለቀቀ ውብሸት አይፈቅድም፤ ውብሸት ካልፈቀደ እንድሪስ አይፈርም፤ እንድሪስ ካልፈረመ ሽማግሌ አይጽፍም፤ ሽማግሌ ካልጻፈ ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ኢንሹራንስ ካልከፈለ ሐኪም አያክምም፤ ሐኪም ካላከመ እግር አይቃናም፤ እግር ካልተቃና ሲንጀር አይዞርም!

"ለመሆኑ ተጎጂዋን ያውቋታል?" አለ ሳጅን።

"ኧረ እኔ ነኝ!"

ሳጅን እስክሪብቶውን አነሳ። ትርንጎ ያየችውን ታውቃለች፤ እንድሪስ ስልክ እያወራ ነበር። ይህን ብትናገር ይቅርታዋን እንደ መብላት አይሆንባትም? ብትደብቀውስ እግሯን ማን ያቃናላታል? ብዙ አሰበች።

"ይጻፉ ሳጅን" አለች በመጨረሻ። "ሲገጨኝ ስልክ እያወራ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱንም ይጻፉልኝ።"

"ሁለቱንም እጽፋለሁ" አለ ሳጅን። "ለእንድሪስ እርቁን ዓቃቤ ሕግ ያይለታል።"

ተጎጂዋ ስትናገር ፖሊስ ለቀቀ፤ ፖሊስ ሲለቅ ውብሸት ፈቀደ፤ ውብሸት ሲፈቅድ እንድሪስ ፈረመ፤ እንድሪስ ሲፈርም ሽማግሌ ጻፈ፤ ሽማግሌ ሲጽፍ ኢንሹራንስ... ቆዩ፣ እዚህ ላይ ተንገራገጨ። ፍሬሰንበት ወረቀቱን አገላብጦ፣ "የሕክምናውን ግማሽ እንክፈልዎና እንጨርስ" አላ!

"ሐኪሙ ግማሽ እግር ነው የሚያቃናልኝ?" አለችው። "ቃሌ ፊትዎ ነው፤ የሽማግሌው ደብዳቤም ፊትዎ ነው። የሕክምናዬንና ሥራ የፈታሁበትን ይክፈሉኝ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት እንገናኝ።"

ፍሬሰንበት የፖሊሱን ቃል እንደገና አነበበ። ስልክ የምትለዋ ጋ ሲደርስ ፍርድ ቤት ቢደርስ ጥፋቱ የሾፌሩ መሆኑ እንደማያከራክር ገባውና ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ መቀመጥ አቃተው። ፈረመ።

ኢንሹራንስ ሲከፍል ሐኪም አከመ፤ ሐኪም ሲያክም እግር ተቃና፤ እግር ሲቃና ሲንጀር ዞረ!

ሼህ ሰይድም ከዚያ ወዲህ ሰው ሊያስታርቁ ሲሄዱ ወረቀቱን ራሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ። የተጎዳው ሰው አፍሮ "ግዴለም፣ ልፈርም" ሲላቸው እስክሪብቶውን ወደ ኋላ ይደብቃሉ። "መጀመሪያ ስማ ልጄ" ይሉታል። "የሰማ ሰው ይቅር ሲል ነው ደስ የሚለኝ።"